ለጋራዥ ወርክሾፕ የትኛው ይሻላል፦ የላምባ፣ የፕሮፔን ወይስ የናፍጣ ማሞቂያ?

ዴንቨር ላይ ኅዳር ሲጋመስ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። የቤቱን ጋራዥ ወርክሾፕ ያደረገ ወዳጅ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዞ ይደውላል። «አንተ፣ የትኛውን ሂተር ልግዛ?»

እኔ አናጺ ነኝ። ሁለት መኪና በሚያስገባ ጋራዥ ውስጥ ጠረጴዛና ቁም ሳጥን እሠራለሁ። ብርዱ ሲጠና ኮላው አልደርቅ ይላል፣ ቫርኒሹ ይወፍራል፣ ጣቴም መሮ መያዝ ያቅተዋል። ስለዚህ ባለፉት ዓመታት ያልሞከርኩት ማሞቂያ የለም ማለት ይቻላል። አንዱ ሊገድለኝ ነበር። እሱን እመለስበታለሁ።

ሱቅ ገብቶ መምረጥ በእውነት ግራ ያጋባል። አንዱ ካርቶን ላይ 9,000 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ ነው) ይላል፣ ሌላው ላይ 75,000። አንዱ «ለቤት ውስጥ» ይላል፣ ሌላው «ለግንባታ ቦታ»። ዋጋቸው ደግሞ ብዙም አይራራቅም። የዕቃ ስም እየጠራሁ ይሄን ግዙ፣ ያንን ተዉ አልልም። መጀመሪያ መለኪያውን እናስቀምጥ፣ ከዚያ እያንዳንዱን በመለኪያው እንየው።

ዋናው መለኪያ፦ ጭሱ የት ይሄዳል?

ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ያህል ያሞቃል?» ብሎ ነው። እኔ ደግሞ «ጭሱ የት ይሄዳል?» ብዬ እመልስለታለሁ።

ነዳጅ የሚያቃጥል ማሞቂያ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ያቃጠለውን እዚያው፣ እናንተ በምትተነፍሱት አየር ውስጥ ይለቀዋል። ሁለተኛው በቱቦ ወደ ውጭ ያስወጣዋል። ሱቅ ውስጥ የምታዩት ተንቀሳቃሽ ማሞቂያ አብዛኛው የመጀመሪያው ዓይነት ነው።

«ጭስ» ስል በዓይን የሚታየውን ብቻ ማለቴ አይደለም። የሚያስፈራው የማይታየው ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ። ቀለም የለውም፣ አይሸትም፣ ጉሮሮ አይከረክርም። ነዳጅ በቂ አየር ሳያገኝ ሲቃጠል ይፈጠራል። ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ስለዚህ አየሩ ውስጥ ያለው መጠን ትንሽ ቢሆንም፣ ሰዓቱ በረዘመ ቁጥር ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም ነው። ትኩሳት የሌለው ጉንፋን ይመስላል። ክፋቱ ደግሞ የመጀመሪያው ጥቃት በማሰቢያችን ላይ መሆኑ ነው። መውጣት እንዳለበት የሚያስበው ጭንቅላት ራሱ ነው የሚደክመው።

አሜሪካ ውስጥ ከእሳት አደጋ ጋር ባልተያያዘ የካርቦን ሞኖክሳይድ መመረዝ በየዓመቱ ከ400 በላይ ሰው እንደሚሞት፣ ከ100,000 በላይ ደግሞ ድንገተኛ ክፍል እንደሚገባ የሀገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ይናገራል።

ቁጥሩን የምንለካው በፒፒኤም ነው፤ ከሚሊዮን የአየር እጅ ስንቱ እንደ ማለት። የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤቱ ኦሻ ለስምንት ሰዓት ሥራ በአማካይ ከ50 እንዳይበልጥ ደንግጓል። ኒዮሽ የሚባለው የምርምር ተቋም 35 ይበቃል ይላል። 1,200 ላይ ሲደርስ ወዲያውኑ ለሕይወት አስጊ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ግድግዳ ላይ የምንሰቅለው ተራ አላርም ወዲያው አይጮህም። በአሜሪካው መስፈርት መሠረት 70 ፒፒኤም ላይ ለመጮህ ከ1 እስከ 4 ሰዓት ይወስዳል። 150 ላይ ከ10 እስከ 50 ደቂቃ፣ 400 ላይ ከ4 እስከ 15 ደቂቃ። ይሄ ብልሽት አይደለም፤ በየሰበቡ እንዳይጮህ ታስቦ ነው። ስለዚህ አላርሙ ዝም አለ ማለት አየሩ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ለወርክሾፕ ቁጥሩን በስክሪን የሚያሳየውን ግዙ። ጥቂት ዶላር ቢጨምር ነው።

የእኔ ቅዳሜ

ሁለተኛው ዓመቴ ይመስለኛል። በረዶ የጣለበት ቅዳሜ ነበር። ለሰርግ ቀጠሮ የተያዘለት ረጅም ጠረጴዛ በእጄ ነበር። ከአንድ ወዳጄ 75,000 ቢቲዩ የሚያወጣ፣ መድፍ የሚመስል የላምባ ማሞቂያ ተዋስኩ። በሩን ከርችሜ ለኮስኩት። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ጋራዡ ሸሚዝ የሚያስወልቅ ሆነ። ደስ አለኝ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ራሴን ያመኝ ጀመር። ቁርስ ስላልበላሁ ነው አልኩ። ቀጥሎ አንዱን እንጨት ሦስት ጊዜ ለክቼ ሦስት የተለያየ ቁጥር አገኘሁ። ሳቄ መጣ። ባለቤቴ ቡና ደርሷል ልትለኝ በሩን ስትከፍት ፊቴን አይታ ጎትታ አወጣችኝ። የላምባውን ሽታም እሷ ናት ያወቀችው፤ እኔ ለምጄው ነበር። ጠረጴዛው ለሰርጉ ደረሰ። አንደኛው እግሩ ግን እስከ ዛሬ አጭር ነው፤ ከሥሩ ጨርቅ ተጠቅጥቆለታል።

ስህተቱ የማሞቂያው አልነበረም። መመሪያው ላይ ተጽፎ ነበር፤ ያላነበብኩት እኔ ነኝ። የእነዚህ መድፎች አምራቾች ለየ100,000 ቢቲዩ ቢያንስ 3 ስኩዌር ጫማ ክፍት ቦታ ተዉ ይላሉ። ለ75,000 ሲሰላ 2 ከሩብ ስኩዌር ጫማ ነው። 16 ጫማ ስፋት ያለው የጋራዥ በር ሁለት ኢንች ከፍ ቢል ይሄን ያህል ይሆናል። እኔ ግን ከታች ብቻ ሳይሆን ከላይም መስኮት መክፈትን እመርጣለሁ። አየር የሚገባበትም የሚወጣበትም ይፈልጋል።

ሌሎቹ መለኪያዎች

ወርክሾፕ ሳሎን አይደለም። ሰጋቱራ አለ፣ ቲነር አለ፣ ጥግ ላይ ቤንዚን የያዘ የሣር ማጨጃ አለ። የቤንዚንና የቲነር ተን ከአየር ይከብዳል፤ ወለሉን ይዞ ይሄዳል። የግንባታ ደንቡ ጋራዥ ውስጥ እሳት የሚያስነሳ ነገር ከወለል 18 ኢንች ከፍ ይበል የሚለው ለዚህ ነው። ወለል ላይ የሚቀመጥ ክፍት ነበልባል ደግሞ በትክክል ተኑ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ሁለተኛው ጥያቄ «ነበልባሉ ክፍት ነው ወይስ የተዘጋ?» የሚለው ነው።

ሦስተኛው እርጥበት ነው። ነዳጅ ሲነድ ውሃ ይፈጥራል። አንድ ጋሎን ላምባ ሲቃጠል አንድ ጋሎን ገደማ ውሃ በእንፋሎት መልክ አየሩ ውስጥ ይገባል። 20 ፓውንድ የሚይዘው የፕሮፔን ሲሊንደር ተቃጥሎ ሲያልቅ ወደ 15 ሊትር ውሃ ይሆናል። ያ ውሃ የት ያርፋል? በቀዘቀዘው ብረት ላይ ነዋ። የመጋዜ ጠረጴዛ በአንድ ሳምንት ቡና የተደፋበት መስሎ ሲዝግ ነው ነገሩ የገባኝ።

አራተኛው ኃይል ነው። ቀላል ስሌት ልስጣችሁ። የክፍሉን ይዘት በሜትር ኩብ ያዙ። ውጭ ባለው ቅዝቃዜና በምትፈልጉት ሙቀት መካከል ባለው የሴልሺየስ ልዩነት አባዙ። ግድግዳው ሽፋን ከሌለው በ4፣ ደህና ሽፋን ካለው በ2 አባዙ። የመጣውን እንደገና በ4 ስታባዙ ቢቲዩ በሰዓት ታገኛላችሁ። የእኔ ጋራዥ 130 ሜትር ኩብ ነው። ውጭ ከዜሮ በታች 10 ሆኖ ውስጡን 12 ማድረስ ብፈልግ ልዩነቱ 22 ነው። ሽፋን ካለው ወደ 23,000፣ ከሌለው ወደ 46,000 ቢቲዩ ይወጣል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሽፋን መለጠፍ ማሞቂያውን በግማሽ ያሳንሰዋል።

ከሰል፦ ከውድድር ውጭ

ይሄን መጀመሪያ ልዝጋው። ሀገር ቤት ያደግን ሰዎች ከሰል ላይ ያለን እምነት ከባድ ነው። «ጭሱ እስኪያልፍ ውጭ አቆየው፣ ፍም ሲሆን አስገባው» ይባላል። አባቴም ደብረ ብርሃን ላይ እንዲሁ ሲያደርግ አድጌያለሁ። ግን ቀይ ፍም ጭስ ስለሌለው ንጹሕ ነው ማለት ስህተት ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድን በብዛት የሚያወጣው ያ የሚያምረው ቀይ ፍም ራሱ ነው። ከሰል ክፍል ውስጥ ጨርሶ አይገባም፣ በሩ ተከፍቶም ቢሆን። አባቴ የተረፈው የእንጨት ቤቱ በሩም ግድግዳውም ስንጥቅ በስንጥቅ ስለነበረ ነው። ዛሬ በአረፋና በፕላስቲክ ጥርቅም ያለው ጋራዥ ያን ምሕረት አያደርግም።

ጋራዥ ውስጥ መኪና አስነስቶ «ትንሽ ይሙቅ» ማለትም ያው ነው። በሩ ተከፍቶም ቢሆን።

የላምባ ማሞቂያ፣ ባለ ክር

አሠራሩ የፋኖስ ነው፤ ክር አለው፣ ላምባ ይመጠዋል፣ ከላይ ይነዳል። ትልቁ 23,000 ቢቲዩ አካባቢ ያወጣል። ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ ድምፅ የለውም። አንድ ጋሎን ላምባ 135,000 ቢቲዩ ስላለው በሙሉ ኃይል ወደ ስድስት ሰዓት ይሄዳል። መብራት ሲጠፋ የሚያኮራ ዕቃ ነው።

ችግሩ ጠባዩ ነው። ክሩ ከልክ በላይ ከፍ ካለ ያጨሳል፤ ከልክ በታች ዝቅ ካለ ደግሞ ሳይቃጠል የቀረው ይሸታል፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱም ይጨምራል። በየጊዜው ታንኩ ባዶ እስኪሆን ውጭ አንድዶ የክሩን ጥቀርሻ ማቃጠል ያስፈልጋል። ላምባውም ዓይነት አለው። አሜሪካ ውስጥ «1-ኬ» የተባለውን ብቻ ግዙ፤ ድኙ ከ0.04 በመቶ አይበልጥም። «2-ኬ» የሚባለው እስከ 0.30 በመቶ ይደርሳል፤ ይሸታል፣ ዓይን ያቃጥላል።

ትልቁ አደጋ ግን የጀሪካን መምታታት ነው። ላምባ ከ38 ዲግሪ በታች በቀላሉ አይቀጣጠልም። ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ላይም ተኑ ይቀጣጠላል። ላምባ ውስጥ ጥቂት ቤንዚን ከገባ ማሞቂያው ቦምብ ይሆናል። እዚህ ሀገር ሰማያዊ ጀሪካን ለላምባ፣ ቀይ ለቤንዚን፣ ቢጫ ለናፍጣ ነው። «ቀዩን አጥቤዋለሁ» የሚል ሰው ካለ ከጋራዡ አስወጡት። ነዳጅ የሚጨመረውም ውጭ ነው፣ ማሞቂያው ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ።

ሕጉንም እዩ። ማሳቹሴትስ ውስጥ ጭስ ማውጫ የሌለው የላምባ ማሞቂያ ክልክል ነው። ሌላ ቦታም ከተማው ወይም የቤት ኢንሹራንሱ የራሱ ደንብ ሊኖረው ይችላል።

መድፉ

ያ ሊገድለኝ የነበረው። ላምባ ወይም ናፍጣ ያቃጥላል፣ በፋን ወደፊት ይተፋል። ከ50,000 ጀምሮ እስከ ብዙ መቶ ሺህ ቢቲዩ ይሄዳል። የተሠራው ግድግዳው ላላለቀ ሕንፃ ነው። በፕሮፔን የሚሠራም አለ፤ ጠባዩ አንድ ነው።

ለተዘጋ የእንጨት ወርክሾፕ አልመክረውም፣ አለቀ። ሰጋቱራውን ያነሳዋል፣ ከኋላ ይስበዋል፣ ከፊት በእሳት ውስጥ አሳልፎ ይተፋዋል። ከፊቱ እስከ 8 ጫማ ድረስ የሚቀጣጠል ነገር እንዳይኖር የሚያዙ መመሪያዎች አሉ፤ በእኔ ጋራዥ 8 ጫማ ማለት ግማሹ ነው። ድምፁም ጆሮ ያደነቁራል። ባለ 75,000ው በሰዓት ከግማሽ ጋሎን በላይ ነዳጅ ይጠጣል፤ ያንኑ ያህል ውሃም ይተፋል። አንድ ጥሩ አጠቃቀም አለው። በሩ ወለል ብሎ በተከፈተ ጋራዥ ውስጥ ለሃያ ደቂቃ አንድዶ ብረቱንና ወለሉን ማሟሟቅ፣ ከዚያ አጥፍቶ አየሩን ቀይሮ በሌላ ማሞቂያ መቀጠል።

ፕሮፔን

ሀገር ቤት ቡታጋዝ የምንለው ዘመድ ነው። ሁለት መልክ አለው። አንዱ እጀታ ያለው ትንሽ ሳጥን ነው፤ ከ4,000 እስከ 18,000 ቢቲዩ ያወጣል፣ «ለቤት ውስጥ» ተብሎ ይሸጣል። ሌላው ሲሊንደር አናት ላይ የሚገጠም እንደ ሰሃን ያለ ቀይ ፊት ነው፤ ወደ 15,000 ያወጣል፣ የብዙዎቹ መመሪያ ግን ለውጭና ለክፍት ቦታ ነው የሚለው። ሰዎች ሁለቱን አንድ አድርገው ያያሉ። አንድ አይደሉም።

ትንሹ ሳጥን ሲወድቅ ይጠፋል። ኦክስጅን ወደ 18 በመቶ ሲወርድም ራሱን ያጠፋል። ጥሩ ነገር ነው። ግን ይህ መሣሪያ ካርቦን ሞኖክሳይድን አይለካም! ኦክስጅን ብቻ ነው የሚያየው። አቧራ የበላው ወይም የተጣመመ ማሞቂያ ኦክስጅን ሳይጎድል መርዝ ሊያወጣ ይችላል። የአናጺ ጋራዥ ውስጥ ደግሞ አቧራ የማይገባበት ቀዳዳ የለም።

ፕሮፔን ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ ይከብዳል። ካፈተለከ ወለሉ ላይ ይተኛል። መካኒክ ሆኖ ፎሳ ያለው ሰው ይሄን ማሞቂያ ባይገዛ ይሻላል፤ ጉድጓዱ ጋዙን ያጠራቅመዋል። መጋጠሚያውን እንደ ቡታጋዝ በሳሙና አረፋ ፈትሹት። ትርፍ ሲሊንደር ውጭ ይቀመጣል፣ ቆሞ። ብርድ ላይ ብዙ ሲሳብ ሲሊንደሩ በረዶ ይለብሳል፣ እሳቱም ይደክማል። አንድ ወዳጄ ሲሊንደሩን በሌላ ማሞቂያ ሊያሞቀው ሲል ደርሼበታለሁ። አታድርጉት።

20 ፓውንዱ ሲሊንደር ወደ 430,000 ቢቲዩ ይዟል። በ15,000 ሲነድ 28 ሰዓት ገደማ ይሄዳል። ትንሿ ባለ አንድ ፓውንድ ጣሳ ግን በ9,000 ሁለት ሰዓት ተኩል እንኳ አትሞላም፤ በእሷ መሞቅ ኪስ ያራቁታል።

የናፍጣ ማሞቂያ፣ የከባድ መኪናው

ትራክ የሚነዳ ዘመድ ያለው ሰው ያውቀዋል። ሾፌሮቹ «ባንክ ሂተር» ይሉታል፤ ሞተር አጥፍተው ጋቢና ውስጥ የሚተኙበት ነው። የጀርመኖቹ ዌባስቶና ኤበርስፔሸር ለዓመታት ሲሠሩት ውድ ነበር። አሁን የቻይናው መጥቶ ዋጋው ከ100 እስከ 200 ዶላር ወርዷል።

ልዩነቱ ምንድን ነው? እሳቱ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ነው። የሚያቃጥለውን አየር በአንድ ቱቦ ከውጭ ይስባል፣ ጭሱን በሌላ ቱቦ ወደ ውጭ ይልካል። የምትተነፍሱት አየር ከብረቱ ውጭ አልፎ ይሞቃል እንጂ ከእሳቱ ጋር አይገናኝም። ስለዚህ ሙቀቱ ደረቅ ነው። ከገጠምኩት ወዲህ መጋዜ አልዛገም። 5 ኪሎዋቱ 17,000 ቢቲዩ ነው፤ በሙሉ ኃይል ግማሽ ሊትር ገደማ ናፍጣ በሰዓት ይወስዳል። ካርቶኑ ላይ «8 ኪሎዋት» የሚለውን ብዙም አትመኑ፤ ብዙ ጊዜ ያው 5ቱ ነው።

ይሄን ሁሉ ጥቅም የምታገኙት ግን በትክክል ከተገጠመ ብቻ ነው። ሰዎች ማሞቂያውን ጋራዥ ውስጥ አስቀምጠው ቱቦውን በበሩ ሥር ያሾልኩታል። ነፋስ ሲዞር ጭሱ ተመልሶ ይገባል። ቱቦው ግድግዳውን የሚያልፈው በብረት ማሳለፊያ ነው፤ እንጨት የሚያነድ ሙቀት አለው። ደግሞ አብራ የምትመጣው ትንሽ ማርሚታ (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ አላት፣ ብየዳዋም አያስተማምንም። ማርሚታው ከግድግዳው ውጭ መሆን አለበት። አየር መሳቢያውም እንዲሁ፤ ውስጥ ከተተወ ሰጋቱራና የቲነር ተን ይስባል።

ሌላው ጣጣው 12 ቮልት መፈለጉ ነው። ሲነሳ 10 አምፒር ያህል ስለሚስብ ደካማ ቻርጀር አያስነሳውም። ስታጠፉትም በቁልፉ እንጂ ሽቦውን በመንቀል አይደለም፤ ፋኑ እስኪያቀዘቅዘው ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል። ብርዱ ሲከፋ ተራው ናፍጣ ይረጋል፤ የክረምቱን ቅልቅል ያዙ። ክረምት ስል የፈረንጁን ማለቴ ነው፣ የሐምሌውን አይደለም።

በአንድ ዓይን

ዋጋው በግምት ነው፤ እንደ ሱቁና እንደ ወቅቱ ይለያያል።

| ዓይነት | ጭሱ የሚሄደው | ቢቲዩ በሰዓት | ነበልባል | እርጥበት | መነሻ ዋጋ |
|---|---|---|---|---|---|
| ከሰል | ውስጥ፣ እጅግ ብዙ | – | ክፍት | አነስተኛ | አይገባም |
| ላምባ ባለ ክር | ውስጥ | እስከ 23,000 | ክፍት | ብዙ | 150–250 ዶላር |
| መድፍ | ውስጥ | ከ50,000 በላይ | ክፍት፣ በፋን | እጅግ ብዙ | 200–350 ዶላር |
| ፕሮፔን ሳጥን | ውስጥ | 4,000–18,000 | ክፍት | ብዙ | 80–150 ዶላር |
| ፕሮፔን ሲሊንደር አናት | ውስጥ (ለክፍት ቦታ) | ወደ 15,000 | ክፍት | ብዙ | 50–90 ዶላር |
| ናፍጣ ባለ ቱቦ | ውጭ | ወደ 17,000 | የተዘጋ | የለም | 100–200 ዶላርና ገጠማ |
| ኤሌክትሪክ 240 ቮልት | የለም | 17,000 (5,000 ዋት) | የለም | የለም | እንደ ሽቦው ሥራ |

ኤሌክትሪክን ለማወዳደሪያ ነው ያስገባሁት። ተራው ሶኬት ላይ የሚሰካው 1,500 ዋት 5,100 ቢቲዩ ገደማ ብቻ ነው፤ እግር ሥር ያሞቃል እንጂ ጋራዥ አይሞላም። 240 ቮልት መስመር ጋራዣችሁ ውስጥ ካለ ግን ከላይ ያሉትን ሁሉ እርሷቸው።

ታዲያ ማን ምን ይግዛ?

ኪሱ ከ100 ዶላር የማያልፍ ሰው በመጀመሪያው ገንዘብ ማሞቂያ አይግዛ። በሩ ሥር ጎማ ያስገባ፣ ግድግዳውን ይሸፍን፣ አላርም ይግዛ። የተረፈችው ለትንሽ ኤሌክትሪክ ትሁን።

ቅዳሜ ለሁለት ሰዓት ብቻ የሚሠራ ሰው ፕሮፔኑ ሳጥን ይበቃዋል፤ መስኮት ከፍቶ፣ ባለ ቁጥሩን አላርም ፊት ለፊቱ አስቀምጦ። መብራት የሚጠፋበት ገጠር ያለ ሰው የላምባውን ቢይዝ አልቃወምም፣ ክሩን ለመንከባከብ ትዕግሥት ካለው። ተከራይ ከሆናችሁና ግድግዳ መብሳት ካልተፈቀደላችሁ ናፍጣው ይቀርባችኋል። ቱቦውን በበር ሥር ማሾለክ መፍትሔ አይደለም።

እንደ እኔ በየቀኑ የሚሠራና ቤቱ የራሱ የሆነ ሰው ናፍጣውን በደንብ ይግጠም። ከሌሎቹ ሁሉ የሚለየው ጭሱን ይዞ መውጣቱ ነው። በደህና ገቢ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ በባለሙያ የሚገጠም፣ ጣሪያ ላይ የሚሰቀል፣ ጭስ ማውጫ ያለው የጋዝ ማሞቂያ አለ፤ ተንቀሳቃሽ ስላልሆነ እዚህ አልገባበትም።

መኪና የሚጠግን ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ይወቅ። ክሎሪን ያለበት ብሬክ ክሊነር ተኑ በእሳት ውስጥ ሲያልፍ ወደ መርዛማ ጋዝ ይለወጣል። ክፍት ነበልባል ባለበት ጣሳውን አትንኩት። ጣሳው ላይ «ክሎሪን የሌለበት» የሚለውን ብትገዙም እሱ ደግሞ በቀላሉ ይቀጣጠላል። መርጨት ካስፈለገ እሳቱ ይጥፋ። ቫርኒሽና ቀለም ለሚረጭም ሕጉ አንድ ነው፤ ክፍሉን ቀድሞ አሙቆ፣ አጥፍቶ፣ አየር ቀይሮ፣ ከዚያ መርጨት።

የትኛውንም ብትገዙ

ወርክሾፕ ስገባ የማደርገውን ልንገራችሁ። በማሞቂያው ዙሪያ ሦስት ጫማ ባዶ መሆኑን አያለሁ፣ ሰጋቱራውን እጠርጋለሁ። አላርሙ ዜሮ ማሳየቱን አያለሁ። ለኩሼ ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ቁጥሩን እንደገና አያለሁ። 10 ካለፈ መስኮቱ ይሰፋል፣ 35 ካለፈ ማሞቂያው ይጠፋል። ይሄ የራሴ ልክ ነው። ኤቢሲ የተባለው (ለእንጨት፣ ለነዳጅና ለኤሌክትሪክ እሳት የሚሆነው) እሳት ማጥፊያ ከበሩ አጠገብ ነው፣ ከማሞቂያው አጠገብ አይደለም። ከክፍሉ ስወጣ አጠፋዋለሁ፤ «አሁን እመለሳለሁ» ብዬም ቢሆን። ሶፋ አስገብቶ እዚያው ሸለብ ማድረግ የለም።

ራስ ምታት ከጀመረ ምክንያት አይፈለግም። ይወጣል፣ 911 ይደወላል። ንጹሕ አየር ላይ ከወጡ በኋላም መርዙ ከደም እስኪወጣ ሰዓታት ይወስዳል፤ ሐኪም ቤት ኦክስጅን ሲሰጥ ነው የሚፈጥነው። የአላርሙንም ዕድሜ ጀርባው ላይ አንብቡት፤ እንደ ዓይነቱ ከ5 እስከ 10 ዓመት ነው።

«ለወንድሜ ልላክለት?»

ይሄም በየዓመቱ ይመጣል። አዲስ አበባ ወይም ደብረ ብርሃን ወርክሾፕ ያለው ወንድም ብርዱ አማርሮታል፣ እዚህ ያለው ፕሮፔኑን ሳጥን ገዝቶ ሻንጣ ውስጥ ሊከትለት ነው። መመሪያውን አንብቡት። የብዙዎቹ ሳጥኖች መመሪያ ከ7,000 ጫማ በላይ ሊጠፋ ይችላል ይላል፤ ወደ 2,130 ሜትር መሆኑ ነው። ያ ኦክስጅን የሚያየው መሣሪያ ስስ አየርን ከተዘጋ ክፍል አይለየውም። ዴንቨር 1,609 ሜትር ላይ ስለሆነ እኔ ዘንድ ይሠራል። አዲስ አበባ ወደ 2,400፣ ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ነው። ወንድምየው ይለኩሰዋል፣ ይጠፋል። ይለኩሰዋል፣ ይጠፋል። ከዚያ አንድ ብልህ ጎረቤት መጥቶ መሣሪያውን በሽቦ ያልፈዋል። አሁን እጁ ላይ ያለው መከላከያ የሌለው እሳት ነው። የሲሊንደሩ መጋጠሚያም ከዚያው የቡታጋዝ ሲሊንደር ጋር አይገጥምም።

ከእነዚህ ወንድሞች ለአንዱ ያዘዝኩለት አላርሙን ነው፣ በባትሪ የሚሠራውን፣ ባለ ስክሪኑን። ሻንጣ ውስጥ ከካልሲ ጋር ይገባል። ከሰሉን ባስገባ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ቁጥሩን ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። በሚቀጥለው ቀን ምድጃው በረንዳ ላይ ነበር።